የሕፃናትን ዳሌ በራጅ ስለ መመርመር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። በመቀመጫዋ ስለ መጣች የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ዳይፐር ስቀይርላት የግራ እግሯ እንደ ቀኙ ወደ ጎን አይከፈትም። ሁለት ወር ሲሆናት በአንድ ክሊኒክ ራጅ ተነሥታ ‹ምንም የለባትም› ተብለን ተመለስን። አሁን ደግሞ ሌላ ሐኪም እንደገና ራጅ አዘዘላት። ዘመዶቼ ጨረሩ ይጎዳታል፣ ይልቅስ ወጌሻ ቢያሻት ይስተካከላል ይሉኛል። የማንን ልስማ?» (አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሐኪሙን ይስሙ፤ ራጁንም በዚህ ሳምንት ያስነሡ። በመቀመጫ መምጣትና ሴት መሆን ሕፃናትን ለዳሌ መገጣጠሚያ ዕድገት መዛባት፣ ማለትም የጭን አጥንት በዳሌው ጽዋ ውስጥ በትክክል ላለመግጠም፣ ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው፤ ችግሩም ከቀኝ ይልቅ በግራ በኩል ይበዛል። ሐኪሞች አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይ ጭኑን በእጃቸው እያንቀሳቀሱ የሚያደርጓቸው የኦርቶላኒና የባርሎው ምርመራዎች ልጁ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ብዙም አይረዱም፤ ከዚያ ወዲህ ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ምልክት እርስዎ ዳይፐር ሲቀይሩ ያዩት፣ ማለትም የአንዱ እግር እንደ ሌላው ወደ ጎን አለመከፈት ነው። ምልክቱን ልብ ብለው በማየትዎ ለልጅዎ ትልቅ ነገር አድርገውላታል።

በሁለት ወሯ የተነሣችው ራጅ «ምንም የለም» ማለቱ ሊያሳስትዎ አይገባም። የጭን አጥንት ራስ፣ ማለትም በዳሌው ጽዋ ውስጥ የሚሽከረከረው ክብ ክፍል፣ ልጅ ሲወለድ ገና አጥንት አልሆነም፤ ጆሮአችንን እንደሚሠራው ያለ ልምአጥንት ነው። ራጅ ደግሞ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ልምአጥንትን አይደለም። በዚህ ራስ መካከል የመጀመሪያዋ የአጥንት ነጥብ በአብዛኛዎቹ ሕፃናት የምትታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት ተመራጩ ምርመራ አልትራሳውንድ ነው፤ ኦስትሪያዊው ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቀው ዘዴ ልምአጥንቱን ራሱን ያሳያል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ተራው የራጅ ነው። የልጅዎ የመጀመሪያ ራጅ የተነሣው ሊናገር በማይችልበት ዕድሜ ስለ ነበር፣ ያኔ ዝም ማለቱ ጤነኛ ናት ማለት አልነበረም።

አሁን የሚነሣውን ራጅ ሐኪሙ እንዴት እንደሚያነበው ማወቅዎ ይጠቅማል፤ ፊልሙን ይዘው ሲቀርቡ ምን እንደሚጠይቁ ይገባዎታልና። በዳሌው ግራና ቀኝ፣ በጽዋው ወለል ላይ፣ አጥንት ያልሆነ ክፍተት ይታያል። ሁለቱን ክፍተቶች የሚያገናኝ አግድም መስመር ይሰመራል፤ ይህ የሂልገንራይነር መስመር ይባላል። ከጽዋው ጣሪያ ውጫዊ ጫፍ ተነሥቶ ይህን መስመር ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው ወደ ታች የሚወርድ ሌላ መስመር ደግሞ የፐርኪን መስመር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አራት ክፍሎች ይፈጠራሉ፤ የጭን አጥንቱ ራስ መገኘት ያለበት በታችኛውና በውስጠኛው ክፍል ነው። ወደ ውጭ ወይም ወደ ላይ ከወጣ፣ መገጣጠሚያው ከቦታው ተንሸራቷል ወይም ጨርሶ ወልቋል። የአጥንት ነጥቧ ገና ካልታየች ሐኪሙ በጭን አጥንቱ የላይኛው ጫፍ አቀማመጥ ይፈርዳል፤ ነጥቧ በአንድ በኩል ታይታ በሌላው አለመታየቷ ወይም በአንዱ በኩል ማነስዋም ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የጽዋው ጣሪያ ከአግድሙ መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይለካል። ይህ ማዕዘን በአዲስ ሕፃን ላይ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ጽዋው እየጠለቀ ሲሄድ ግን እየቀነሰ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከተገኘ ጽዋው ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ልኬት የሚያገለግለው ግን ራጁ በትክክል ከተነሣ ብቻ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ሕፃኗ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ዳይፐሯ ይወልቃል፣ እግሮቿ ተጠጋግተው የጉልበት ሎሚዎቿ ወደ ላይ ያያሉ፣ ዳሌዋም ወደ አንድ ወገን አይዞርም። ዳሌው ጥቂት እንኳ ከዞረ አንደኛው ጽዋ ጥልቅ፣ ሌላው ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፤ ጤነኛዋ ልጅ ታማሚ፣ ታማሚዋም ጤነኛ ትባላለች። ከመቀመጫ አጥንቶች በላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በፊልሙ ላይ እኩል ስፋት ካላቸው ዳሌው አልዞረም ማለት ነው። ልጅ ሲያለቅስና ሲወራጭ ቀጥ አድርጎ መያዝ ከባድ ስለሆነ፣ እርስዎ ወይም አባቷ እርሳስ ያለበትን መከላከያ ልብስ ለብሳችሁ እግሯን እንድትይዙ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ነፍሰ ጡር የሆነ ሰው ግን ይህን ማድረግ የለበትም። ከመነሣቷ በፊት ጡት ቢያጠቧት ትረጋጋለች።

ጨረሩን በተመለከተ፣ ለሕፃን ዳሌ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው፤ በአንጻሩ ሳይታወቅ የቀረ ውልቃት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ማነከስና በወጣትነት የሚጀምር የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ራጅ ያለምክንያት መደጋገም የለበትም፤ ለልጅዎ ግን በቂ ምክንያት አለ። ቀድሞ በብልት አካባቢ የሚደረገው የእርሳስ መሸፈኛም ዛሬ እንደ ወትሮው አይመከርም፤ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ልማድ እንዲቀር መክሯል፤ በተለይ በሴት ልጆች ላይ ሲደረግ ሊታይ የሚገባውን አጥንት ይሸፍናልና።

ወጌሻዎች በማኅበረሰባችን ያላቸውን ክብር አውቃለሁ፤ ከበሬታዬም እንዳለ ነው። ሆኖም ይህ ከመውደቅ የመጣ ስብራት ወይም ወለምታ አይደለም። የወለቀን የሕፃን ዳሌ በኃይል መጎተትና መጠምዘዝ ወደ ጭን አጥንቱ ራስ የሚሄደውን ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ደም ያጣ አጥንት ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ እባክዎ ልጅዎን አያሳሹ። መቸኮሌም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፓቭሊክ ማሰሪያ የሚባለው፣ እግርን ከፍቶና አጥፎ የሚይዘው የጨርቅ ማሰሪያ፣ በአብዛኛው የሚሠራው ከስድስት ወር በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ለልጅዎ ይህ በር የቀረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ወደ ላይኛው ሕክምና መሄድ ቢያስፈልግ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል በልጆች የአጥንት ሕክምና ላይ የሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው በአሜሪካ ነው። የሃያ ወር ልጃችን በአንድ እግሯ ታነክሳለች፤ ነገር ግን አንድም ቀን አሞኝ ብላ አታውቅም። በራጅ ሪፖርቱ ላይ የጽዋው ማዕዘን 34 ዲግሪ ነው፣ የሸንተን መስመርም ተቋርጧል ይላል። ሕመም ከሌላት ይህ ያን ያህል ከባድ ነው?» (አንድ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዚህ ችግር ክፋቱ በልጅነት አለማመሙ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ገና ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መገጣጠሚያው ካረጀ ወዲያ ነው። በልጅዎ ዕድሜ ማዕዘኑ ወደ 20 ዲግሪ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ስለዚህ 34 ከፍ ያለ ነው። አንዱ ሐኪም ከሌላው ሲለካ እስከ አምስት ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ ባልፈረድሁ ነበር፤ የሸንተን መስመር መቋረጥ ግን ጉዳዩን ያጠነክረዋል። ይህ መስመር ከጭን አጥንቱ አንገት የውስጥ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ዳሌው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ እንደ ቀስት ሳይሰበር የሚያልፍ ሲሆን፣ ከተሰበረ የጭን አጥንቱ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ማሰሪያ አይሠራም። ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና አጥንቱን ወደ ጽዋው መመለስ፣ አንዳንዴም የጽዋውን ጣሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ከዚያም ልጅቱ ለሳምንታት በጄሶ ትቆያለች። ቀጠሮ ሲይዙ የሕፃናት አጥንት ቀዶ ሐኪም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፊልሙንም እንጂ ሪፖርቱን ብቻ ይዘው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ስድስቱንም ልጆቼን በአንቀልባ አዝዬ አሳድጌአለሁ። ልጄ ግን አራሷን ሕፃን እግሯን አጥብቃ ትጠቀልላለች። የቱ ይሻላል?» (አንዲት አያት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎ ይሻላል። በጀርባ ሲታዘል የሕፃኑ እግሮች ተከፍተውና ታጥፈው ስለሚቀመጡ የጭን አጥንቱ ራስ ወደ ጽዋው ይገፋል፤ እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች የሕፃናትን እግር ዘርግተው እንዳይጠቀልሉ የተደረገው ቅስቀሳ የዳሌ ውልቃትን በእጅጉ ቀንሷል። ልጅዎ መጠቅለል ከወደደች ክንድና ደረቱን ትጠቅልል፤ ከወገብ በታች ግን ሕፃኗ እግሯን እንደ ልቧ ማጠፍና መክፈት እንድትችል ላላ አድርጋ ትተወው። ይሁን እንጂ ማዘል የወለቀን ዳሌ አይመልስም፤ አንዱ እግር እንደ ሌላው የማይከፈት ከሆነ አንቀልባውን ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት።