ጉማራና ርብ ላይ ወንዝ ለመለካት ለምትወጪው ተማሪ

እህቴ፣ «የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ክረምቱን ፎገራ ላይ ጉማራና ርብን ልንለካ ነው፤ ምን ልዘጋጅ?» ላልሽው፦ መሣሪያው አያስጨንቅሽ፣ ቶሎ ይለመዳል። ሰውን የሚጥለው መዝገቡ ነው።

ፍሰቱን ለክተሽ የውሃውን ከፍታ ካልጻፍሽ ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ ሬቲንግ ከርቩ (ከፍታውን ከፍሰቱ ጋር የሚያያይዘው መስመር) ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ስታፍ ጌጁን (ወንዙ ውስጥ የቆመውን የከፍታ መለኪያ) አንብበሽ ከነሰዓቱ ጻፊ፤ ስትወጪም ድገሚ። ክረምት ላይ ለክተሽ ሳትጨርሺ ውሃው ከፍ ሊል ይችላል። ሰዓቱ በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለይተሽ አስፍሪ። ጌጅ አንባቢው «ጠዋት 12» ያለውን ኮምፒውተር ላይ 12:00 ብለሽ ካስገባሽው የንጋቱ ንባብ እኩለ ቀን ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀኑም ያው ነው፤ ሐምሌ 15 ማለት ጁላይ 22 ነው።

ለልኬቱ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት፣ አዙሪትና ትልልቅ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ምረጪና ሜትሩን (የርዝመት መለኪያ ጥብጣቡን) ከዳር እስከ ዳር ወጥሪ። ግራና ቀኝ የሚባለው ፊትን ውሃው ወደሚሄድበት አዙሮ ነው። ወርዱን ከ20 እስከ 25 ቦታ ከፋፍዪው፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ከጠቅላላው ፍሰት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ። እኩል መክፈል ግዴታ የለብሽም፣ እንዲያውም ጥልቅና ፈጣን የሆነው ጋ አጥብቢ። ጥልቀቱ እስከ 75 ሳንቲሜትር ከሆነ ከረንት ሜትሩን (የውሃ ፍጥነት መለኪያውን) ከውሃው ገጽ ወደ ታች የጥልቀቱ 0.6 ላይ አድርጊው፤ ካለፈ 0.2 እና 0.8 ላይ ለክተሽ አማካዩን ውሰጂ። በየነጥቡ ቢያንስ ለ40 ሰከንድ ውሃው የሚያሽከረክረውን ፕሮፔለር ዙር ቁጠሪ። ወርዱ 0.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ከሆነ ያ ክፍል በሰከንድ 0.24 ሜትር ኩብ ያሳልፋል ማለት ነው። የሁሉም ድምር የወንዙ ፍሰት ነው።

መሀል ላይ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከወረደ ፕሮፔለሩን አውጥተሽ እዪው፤ ሳር ተጠምጥሞበት ወይም ደለል ገብቶበት ይሆናል። አጥበሽ እፍ በዪበት፦ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ መቆም አለበት፣ ቀጥ ካለ ገና አልጸዳም። አንቺም ከረንት ሜትሩን ከያዘው ዘንግ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ወደ ጎን ፈንጠር ብለሽ ቁሚ። ከላዩ ከቆምሽ የምትለኪው እግርሽ የሰበረውን ውሃ ነው።

ጥልቀቱ በሜትር ሲባዛ በፍጥነቱ ከ1 ካለፈ አትግቢ፤ ማንም «ግቢ» ቢልሽ። ያኔ ከድልድይ ላይ ይለካል፤ እሱም ካልሆነ ብርቱካን ወርውሪና 20 ሜትር ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ያዢ። 16 ሰከንድ ከሆነ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 1.25 ሜትር ነው፤ አማካዩን ለማግኘት በ0.85 አባዢው። አንዴ አይበቃም፤ መሀሉንም ዳር ዳሩንም ሞክሪ። ፎገራ ላይ ፀሐይ ስለወጣ አትዘናጊ፣ ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከጠቆረ፣ ውሃው መልኩን ከለወጠ፣ ጭራሮ ማግተልተል ከጀመረ ዕቃውን ሰብስበሽ ውጪ።

ጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለና በባዶ እግር አይገባም። የደለል ናሙና ስትወስጂ ጠርሙሱ ጢም ብሎ ከሞላ ቀንሰሽ አታስቀሪ፣ ሙሉውን ደፍተሽ እንደገና ቅጂ። ማስታወሻው በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክርቢቶ ዝናብ ላይ ይፈሳል። ስሌቱን ደግሞ ለከተማ አታቆዪው፤ እዚያው ወንዙ ዳር ደምሪው፣ የዘለልሽው ነጥብ ካለ ሜትሩ ሳይነሣ ትመለሺበታለሽ።