ሆፕ በግራም ብቻ አይለካም

ከሐዋሳ የጻፈችልን አንባቢ እናቷ ጠላ ጠማቂ ናቸው። እሷ ደግሞ ቤቷ ውስጥ 20 ሊትር 20 ሊትር እያደረገች ቢራ መጥመቅ ጀምራለች። ለጠላ ጌሾ እንደሚገባው ሁሉ፣ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው አበባ ነው፤ ሳዝና ማግነም የሆፕ ዓይነቶች ናቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ 28 ግራም ሳዝ ሆፕ ጨምሬ ጠመቅኩ፤ ጣፋጭ ሆነብኝ። ቀጥሎ ሳዝ ስላለቀብኝ በዚያው ልክ ማግነም አደረግኩበት። ምሬቱ ጉሮሮ ይዞ አልለቅ አለ። ብቅሉም እርሾውም አልተቀየረም። ለምሬት የቱን ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ ለምሬት ማግነሙን ግዢ። ችግሩ ሆፑ ላይ ሳይሆን ልኩ ላይ ነው።

ሆፕን መራራ የሚያደርገው አልፋ አሲድ የሚባለው ነገር ነው። የቼኩ ሳዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4.5 በመቶ አልፋ አለው። የጀርመኑ ማግነም ግን ከ12 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በዚያው 28 ግራም አራት እጥፍ የሚጠጋ ምሬት ነው ያስገባሽው። ቁጥሩ በየዓመቱ ምርት ስለሚለያይ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እመኚ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የምሬት መለኪያ፣ ማለትም 1 አይቢዩ፣ በሊትር 1 ሚሊግራም በሙቀት የተለወጠ አልፋ አሲድ ነው። ለመካከለኛ ምሬት 25 አይቢዩ ይበቃል። ለ20 ሊትር 500 ሚሊግራም ማለት ነው። ከምትጨምሪው አልፋ ውስጥ ቢራው ላይ የሚቀረው በእናንተ አገር አንድ አምስተኛው ገደማ ነው ብለሽ ያዢ። ስለዚህ 2.5 ግራም አልፋ ያስፈልግሻል። ማግነሙ 12 በመቶ ከሆነ 21 ግራም ሆፕ ነው። በ3.5 በመቶ ሳዝ ብትሞክሪው ግን 71 ግራም! ያን ያህል ሆፕ ቢራሽን መጥጦ ያስቀርብሻል፤ የሣር ጣዕምም ያመጣል። ሳዝ ደስ የሚለው ሽታው ስለሆነ ለማንተክተኩ የመጨረሻ 5 ደቂቃዎች አቆዪው።

«በእናንተ አገር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አልፋ አሲድ ደግሞ በሙቀት ካልተለወጠ ቢራው ውስጥ በደንብ አይሟሟም። በ94 ዲግሪ ይህ ለውጥ ከ100 ዲግሪው ይልቅ 40 በመቶ ያህል ይዘገያል። የባሕር ዳርቻ አገር ሰው የጻፈው የ60 ደቂቃ አሠራር ለዚህ ነው የሚያሳስትሽ። 75 ወይም 90 ደቂቃ አንተክትኪው። የእናትሽ ጌሾ ተዘፍዝፎ እየሰነበተ ምሬቱን ይሰጣል። ሆፕ ግን ካልተንተከተከ ያን ምሬት አይሰጥሽም።

ሆፑን ስትጨምሪ አጠገቡ ሁኚ። ፔሌቱ፣ ማለትም ተፈጭቶ የተጨመቀው ሆፕ፣ የሚንተከተከው ላይ ሲያርፍ ወዲያው ተበትኖ አረንጓዴ አረፋ ይነሳል፤ ከድስቱ አፍ ይገነፍላል። መጀመሪያ እሳቱን ቀንሺ፣ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ። ድስቱንም አትክደኚው፤ ከብቅሉ የሚወጣው የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ በእንፋሎቱ መውጣት አለበት።

ጉሮሮ የሚይዘው ምሬት ግን ከመጠን መብዛት ብቻ ላይሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል። እንዲህ ያለ ውሃ የብቅሉን አሲድነት ይቀንሰዋል፤ ምሬቱም ይከርራል። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፊ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት ልኩን፣ ለኪ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ አንሷል ማለት ነው። ከ5.2 እስከ 5.5 መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ለምግብ የሚሆን ላክቲክ አሲድ በጠብታ እየጨመርሽ እንደገና ለኪ። እኔ ብሆን ሆፕ ከመቀየሬ በፊት ይህንን አስተካክላለሁ።

ስትገዢ አንድ ፔሌት በጣትሽ ፍጪና አሽቺ። ጥሩው አረንጓዴ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሽታውም ስል ነው። ቡናማ ሆኖ የቆየ አይብ ከሸተተ ተዪው፤ አልፋው ስለወረደ ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። የከፈትሽውንም አየሩን አስወጥተሽ፣ አጥብቀሽ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ትንንሽ ከረጢት ግዢ፤ ዋጋው ትንሽ ወደድ ቢልም።

ለሚቀጥለው 21 ግራሙን ማግነም ከመጀመሪያው ጨምረሽ 75 ደቂቃ አንተክትኪ፤ ከፒኤቹ በቀር ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዪው። ያን ጊዜም ጉሮሮ ከያዘ የፒኤቹን ቁጥር ጻፊልኝ።