ወፌ ቆመች፤ ጫማውስ?

ጥያቄ፦ የ13 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሶፋውንና ግድግዳውን እየያዘ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎም እጁን ለቅቆ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመድና ይቀመጣል። ዱባይ የምትኖረው እህቴ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ 22 ቁጥር የቆዳ ቡትስ በመንገደኛ ልካለታለች። አብረውን የሚኖሩት አማቴም «እግሩ እንዳይወላገድ፣ ብርድም እንዳይገባው ቤት ውስጥም ቢሆን ከአሁኑ ይልመደው» ይላሉ። ጫማው ሲደረግለት ግን ልጁ መራመዱን ትቶ ወደ ዳዴው ይመለሳል። በዚያ ላይ የውስጥ እግሩ ሜዳ መሆኑና ሲቆም እግሮቹ እንደ ደጋን መጉበጣቸው ያሳስበኛል። ምን ዓይነት ጫማ፣ በስንት ቁጥር፣ መቼ ላድርግለት?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጥያቄዎን ግማሽ ልጅዎ ራሱ መልሶታል። መራመድ የሚማር ሕፃን የወለሉን ልስላሴ፣ ሻካራነትና ተዳፋት የሚረዳው በውስጥ እግሩ ቆዳ ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቀውም ጣቶቹን ዘርግቶ ወለሉን ቆንጠጥ እያደረገ ነው። ጠንካራ ሶል ይህን ስሜት ይሸፍንበታል፤ ከባድ ቡትስ ደግሞ ገና ያልጠነከረውን እግሩን ያደክመዋል። ስለዚህ ጫማው ሲደረግለት ወደ ዳዴ መመለሱ ስንፍና አይደለም። ጫማ መሄድን አያስተምርም፤ ሥራው እግርን ከሚወጋ፣ ከሚያቃጥልና ከሚበክል ነገር መጠበቅ ነው። የተጸዳና ስለታም ነገር የሌለበት ቤት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ልጅዎ በባዶ እግሩ ቢሄድ ይሻለዋል።

የአማትዎን ሥጋት ግን አቅልዬ አላየውም። በአገራችን ባዶ እግር የችግርና የበሽታ ምልክት ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙጀሌ ከመሬት ተነሥቶ ጣት ውስጥ ይገባል፤ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በዓይን የማይታይ እጭ (ገና ያልጎለመሰ ትል) ሳለ በእርጥብ አፈር ላይ ያድግና የእግርን ቆዳ በስቶ ወደ ሰውነት ይዘልቃል፤ በደጋው አገር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግራቸው የሄዱ ሰዎችም «የዝሆን እግር» በሚባለው እብጠት ሲሠቃዩ አማትዎ በዓይናቸው አይተው ይሆናል። ይህ ሁሉ ጉዳት የሚመጣው ግን ከአፈር እንጂ ተወልውሎ ከደረቀ የሴራሚክ ወለል አይደለም። እርሳቸውም «ልጁ ከበራፉ ሲወጣ ጫማ ግዴታው ነው፤ ቤት ሲገባ ይወልቅለታል» የሚለውን ስምምነት በአክብሮት ቢያስረዷቸው የሚቀበሉ ይመስለኛል። ብርዱ ካስጨነቃቸው ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለበት የማያንሸራትት ካልሲ ይግዙለት፤ ተራው ካልሲ ሴራሚክ ላይ እያንሸራተተ ይጥለዋል።

ስለ እግሩ ቅርጽም አይጨነቁ። በዚህ ዕድሜ የውስጥ እግር ሜዳ መስሎ የሚታየው በስብ ስለተሞላ ነው፤ ቅስቱ ቀስ በቀስ እየወጣ የሚሄደው እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። መራመድ የጀመረ ሕፃን እግሮቹ መጉበጣቸውም የተለመደ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይስተካከላል። ጉብጠቱ ከዚያ በኋላ ከቀጠለ፣ እየባሰ ከሄደ ወይም በአንድ እግር ብቻ ከታየ፣ ከቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ የተባለ የአጥንት መለስለስ ወይም ሌላ የአጥንት ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ ሪኬትስን የትኛውም ቡትስ አያቀናውም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ባደረገው ክትትል ጤናማ ሕፃናት ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል፤ ልጅዎም በዚህ መካከል ስላለ አያጣድፉት። 18 ወር አልፎት ካልተራመደ ግን መመርመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። የሕፃን እግር አብዛኛው ክፍል ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት በመሆኑ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲገባ ብዙም ሳያመው ይጨመቃል፤ ልጁም ጣቶቹን አጥፎ ዝም ይላል። «አላለቀሰም» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም። ስለዚህ ወደ ማታ፣ እግሩ በቀኑ እንቅስቃሴ ትንሽ ሰፋ ባለበት ሰዓት፣ ካርቶን ላይ ያቁሙት፤ ተቀምጦ ሳለ የሚወሰድ ልክ ያሳጥራል። አንድ ሰው ደግፎት እርስዎ እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይዘው የሁለቱንም እግሮች ዙሪያ ያስምሩ። ከሁለቱ ረዘም ያለውን ይምረጡና ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምረው ካርቶኑን ይቁረጡት። ይህ ካርቶን ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ከገባ፣ ጎኑም ካልተጨማደደ፣ ልኩ ነው። እናቶቻችን በስንደዶ ወይም በክር ለክተው ገበያ ይወርዱ ነበር፤ ክር ግን ርዝመቱን እንጂ የጣቶቹን ስፋት አያሳይም።

በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። የልጅዎ እግር 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከነትርፉ 13 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልገው 20 ቁጥር ይበቃዋል፤ 22 ቁጥር ግን 14.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከፊቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ በላይ ባዶ ቦታ ይቀራል ማለት ነው። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት ለሹራብ ይሠራል፤ በሰፊ ጫማ የሚሄድ ሕፃን ግን በጫፉ እየተደናቀፈ ይወድቃል። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከሶሉ ሥር ከተጻፈው ይልቅ ካርቶንዎን ይመኑ። የካርቶኑን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንሥተው ለእህትዎ ቢልኩላት የሚቀጥለው ስጦታዋ በልኩ ይመጣል። የአሁኑን ቡትስ ያስቀምጡት፤ ለልኩ ሲደርስ ሶሉ በእጅ የማይታጠፍ ከሆነ ያኔም ባያደርጉለት እመርጣለሁ።

መርካቶም ሆነ ሰፈርዎ ካለ ሱቅ ሲገዙ ጫማውን በሁለት ጣት ይዘው ያጥፉት፤ በቀላሉ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት በፊተኛው በኩል ነው። ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ተረከዙ ዝግ፣ ሶሉ ስስና የማያንሸራትት፣ ማሰሪያው ተለጣፊ የሆነ፣ ከለስላሳ ቆዳ ወይም ከሸራ የተሠራ ቀላል ጫማ ይበቃል። ሙሉ ፕላስቲክ የሆነው እግሩን ያልበዋል። ሲረገጥ የሚጮኸውን ጫማ ልጆች ይወዱታል፤ ለጩኸቱ ሲባል የተረከዙ ሶል እንዲወፍር ስለሚደረግ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። የሌላ ልጅ ጫማ የሚቀበሉ ከሆነ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ያልተበላ፣ ውስጡም የቀድሞውን ልጅ እግር ቅርጽ ያልያዘ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጫማውን መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ያድርጉለትና ሲያወልቁለት ጣቶቹንና ተረከዙን ይዩ፤ የቀላ ምልክት ካለ ይመልሱት። በዚህ ዕድሜ እግር በፍጥነት ስለሚያድግ በየሁለት ወሩ አዲስ ካርቶን ያስምሩ፤ አዲሱ ካርቶን ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ አልገባ ካለ፣ ጫማው ገና አዲስ ቢመስልም ጊዜው አልፏል።