ለመፋታት ምን ያስፈልጋል? የባሕር ዳር ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ፍቺ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እንደ ጠበቃ የማውቀውን ልመልስ። ክልላችን አማራ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ከፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋር በብዙው ይመሳሰላል። ከታች የምጠራቸው ጊዜያት ከፌዴራሉ ናቸውና መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት የክልሉን አንቀጽ እዩት።

ጥያቄ፦ ባሌ አይማታም፣ አይሰክርም። እኔ ግን በቃኝ። «ምክንያት የለሽም» ብለው ይመልሱኛል?

መልስ፦ አይመልሱሽም፣ እህቴ። ዝሙት፣ ጥሎ መጥፋት እያሉ ከባድ ምክንያት መቁጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገር ነበር። አሁን አንዱ ወገን ብቻውን ፍቺ መጠየቅ ይችላል። ባልሽ «አልፈልግም» ቢል ጉዳዩን ያጓትተው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። ዳኛው ግን ዝም ብሎ አያፋታም። መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ እናንተ የመረጣችኋቸው ሽማግሎች እንዲያዩትም ሊያደርግ ይችላል። የማሰቢያ ጊዜም ይሰጣል፤ ይህ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛን ሽማግሌ አፋቶናል። ንብረት ተካፍለናል፤ ፈርመናልም። ሌላ ላገባ ነው።

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል! ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በሕግ ዓይን ዛሬም ባለትዳር ነህ። በላዩ ላይ ሌላ ጋብቻ ብትፈጽም በወንጀል ትጠየቃለህ። ደግነቱ መንገዳችሁ አጭር ነው። ተስማምታችኋላ! ስለ ንብረቱም ስለ ልጆቹም የተስማማችሁትን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት አቅርቡ። ለምን እንደተለያያችሁ ለመናገር አትገደዱም። በስምምነት ለመፋታት ግን ከተጋባችሁ ስድስት ወር ማለፍ አለበት። ዳኛው ስምምነቱ የሁለታችሁም ነፃ ፈቃድ መሆኑን አይቶ ያጸድቃል።

ጥያቄ፦ የሰማንያ ውላችን ጠፍቷል። የጋብቻ ምስክር ወረቀትም አላወጣንም።

መልስ፦ ብዙ ሰው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለመፋታት መጀመሪያ መጋባታችሁ መታወቅ አለበት። ወረቀት ከሌለ ቤተሰብና ጎረቤት እንደ ባልና ሚስት ያውቃችሁ እንደነበር በምስክር ይረጋገጣል። ውሉ ላይ የፈረሙ ሽማግሎች በሕይወት ካሉ ፈልጓቸው።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነን። የሞተር ጀልባው በእሱ ስም ነው፤ የቡናው መሬት ከአባቱ የመጣ ነው። ባዶ እጄን ልወጣ ነው?

መልስ፦ የለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ጀልባው ከሠርጉ በኋላ የተገዛ ከሆነ ስሙ ብቻውን አያድነውም። ከአባቱ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ግን የግሉ ነው። ስለዚህ መሬቱ መቼና እንዴት እንደተገኘ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ አይተሽ ነይ። አንድ ምክር ልጨምር፤ ደረሰኝ፣ የደብተር ቅጂ፣ የባንክ ወረቀት ጠቡ ሳይከር ሰብስቢ። ፍቺውን ስትጠይቂ ንብረቱ እንዳይሸጥ እግድም አብረሽ ጠይቂ። ስንቱ ጀልባ መዝገብ በተከፈተ ሳምንት ተሸጧል መሰለሽ!

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ተለያይተን ከኖርን በራሱ ፍቺ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ወሬ ነው። አቤቱታ አቅርብ።

ጥያቄ፦ ቆርበን ነው የተጋባነው። ፍርድ ቤት ሊያፋታን ይችላል?

መልስ፦ ፍርድ ቤቱ በሕግ ያለውን ጋብቻ ያፈርሳል። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። ሙስሊም ባልና ሚስት ደግሞ ሁለቱም ከፈቀዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጠበቃ ግድ ነው? ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ግድ አይደለም። አቤቱታውን ራስሽ ማቅረብ ትችያለሽ። ብቻሽን ከከበደሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ሂጂ።