መሐረብ፣ ሎሚና የባቡር ጣቢያ፦ ስለ ጃፓን የመለያየት ዘፈኖች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ጃፓን የመለያየት ዘፈኖች ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ለትምህርት ዮኮሃማ ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ቋንቋውን ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ከካራኦኬ ቤት የለቀምኩ ሰው ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ጃፓንኛ አንዲት ቃል አልሰማም። ግን የኡታዳ ሂካሩን «ፈርስት ላቭ» በሰማሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ምን እያለች ነው?

መልስ፦ ገና ስትጀምር የመጨረሻው መሳማቸው ሲጋራ ሲጋራ ይል እንደነበር ትናገራለች። መራራ፣ ሆድ የሚያባባ ሽታ። ቀጥላ «ነገ በዚህ ሰዓት የት ትሆን ይሆን? ማንንስ ታስብ ይሆን?» ትላለች። በቃ። «ለምን ከዳኸኝ» የለም፣ እርግማን የለም። ሌላ ሰው ብወድ እንኳ መውደድን ያስተማርከኝ አንተ ነህ ትልና ታልፋለች። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው ራሷ ናት። በዚሁ ዘፈን የተሰየመው አልበም በማርች 1999 ሲወጣ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ጃፓን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ እስከ ዛሬ የበለጠው አልበም የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። እኔ በ16 ዓመቴ የምጽፈው ደብዳቤ ላይ በቀስት የተወጋ ልብ ደም ያንጠባጥብ ነበር። እሷ የሲጋራውን ሽታ ብቻ ትታልን ሄደች።

ጥያቄ፦ እናቷም ዘፋኝ ነበሩ ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው። ፉጂ ኬይኮ ይባላሉ፤ በ1970 አካባቢ ስማቸው የገነነ የኤንካ ዘፋኝ ነበሩ። በ2013 አርፈዋል።

ጥያቄ፦ ኤንካ ያልከው ነገር ለምንድን ነው ትዝታ ትዝታ የሚለኝ? ወይስ ጆሮዬ ነው?

መልስ፦ ጆሮህ ጤነኛ ነው። ኤንካ የድሮ ሰው ዘፈን ነው፤ ሳኬ (የሩዝ መጠጣቸው)፣ ወደብ፣ በረዶ፣ የሄደ ፍቅረኛ። ብዙው የሚዘፈነው «ዮናኑኪ» በሚሉት ቅኝት ነው። ቃሉ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው፤ ስለዚህ አምስት ድምፅ ይቀራል። የማይነሩን ዮናኑኪ ድምፆች ብትደረድራቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናሉ። ይኼ ደግሞ የኛ ማይነር ትዝታ ነው። ሜጀሩም እንደዚሁ ይገጥማል። ተኮራርጀን አይደለም፤ ሁለታችንም በየፊናችን እዚያው ደረስን። በዚህ ላይ ድምፅ ማርገብገቡም አለ፤ እነሱ «ኮቡሺ» ይሉታል። አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የአስቴር አወቀን ዘፈን ከፍቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ገብተው «የየት አገር ኤንካ ነው?» አሉኝ።

ዛሬ ወጣቱ የሚሰማው ፖፕ ግን በአብዛኛው ሰባቱንም ድምፅ ይጠቀማል። እዚያ ውስጥ ትዝታን የምትፈልግ ከሆነ ቅኝቱ ላይ አታገኛትም፤ ግጥሙ ላይ ፈልጋት።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ሁሉም ነገር ባቡር ጣቢያ ላይ የሚያልቀው? ሌላ የመለያያ ቦታ የላቸውም?

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ፣ የገጠሩ ወጣት በገፍ ወደ ቶኪዮ ሄዷል። ትምህርት እንደጨረሱ ለሥራ በቡድን የሚጫኑባቸው ባቡሮች ሁሉ ነበሩ። ከሰሜን የሚመጣው ኡዌኖ ጣቢያ ይወርዳል። ስለዚህ እናት ልጇን፣ ልጅት እጮኛዋን የምትሸኘው ባቡሩ ሥር ቆማ ነው። ጣቢያው ለዘፈኑ ማስጌጫ አይደለም፤ ሰው በእውነት የተለያየበት ቦታ ነው።

ሁለት ዘፈን ላንሳ። በ1977 ኢሺካዋ ሳዩሪ የዘፈነችው «ጹጋሩ ካይክዮ ፉዩገሺኪ» ውስጥ አንዲት ሴት ከኡዌኖ የሌሊት ባቡር ተሳፍራ ሰሜን ያለችው የወደብ ከተማ አኦሞሪ ትወርዳለች። ጣቢያው በረዶ ለብሷል። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የባሕሩን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መርከብ ላይ ትወጣለች። ማን እንደበደላት አይነገርህም። መርከቡም ዛሬ የለም፤ በ1988 ከባሕሩ በታች ያለው የባቡር ዋሻ ሲከፈት ቀረ።

ሌላው የያማዛኪ ማሳዮሺ የ1997 ዘፈን ነው፤ «ዋን ሞር ታይም፣ ዋን ሞር ቻንስ»። ሰውዬው ሁልጊዜ እሷን ይፈልጋል። ፊት ለፊት ባለው መሳፈሪያ ላይ፣ በጓሮ መንገድ መስኮት ውስጥ። እዚያ እንደማትኖር እያወቀ። ሊነጋጋ ሲል ሳኩራጊቾ ላይ ይፈልጋታል። ሳኩራጊቾ ዮኮሃማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ በ1872 የተከፈተው የጃፓን የመጀመሪያው የባቡር መስመር ጫፍም እሱ ነበር። እኔ ማንም ሳይጠፋብኝ፣ ለዘፈኑ ስል ብቻ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሄጄ ቆሜያለሁ። ከማሽን ትኩስ የቆርቆሮ ቡና ገዛሁ። ሁለት ሰካራሞች ተደጋግፈው አለፉ። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ለካ እኔም የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት እያየሁ ነበር።

ጥያቄ፦ የዮኔዙ ኬንሺ «ሌመን» (ሎሚ) ስለ ፍቅረኛ ነው ወይስ ስለ ሞተ ሰው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ ብሩን ተካፈሉት። ዘፈኑ የተሠራው በ2018 ቲቢኤስ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ለታየው «አንናቹራል» ድራማ ነው። ድራማው አስከሬን መርምረው የሞትን ምክንያት ስለሚፈልጉ ሐኪሞች ነው። ዮኔዙ እየጻፈው ሳለ ደግሞ አያቱ ሞቱበት፤ ራሱ ተናግሯል። ግን የፍቅር ዘፈን አድርጎ የማይሰማው የለም።

ለዚህ ዕድል የሰጠው ቋንቋው ነው። ጃፓንኛ «አናታ» (አንተ ወይም አንቺ) ሲል ወንድም ሴትም ይሆናል። ግሱም ጾታ አይናገርም። ለእህቴ ልተረጉምላት ተቀምጬ እዚህ ላይ ተቸነከርኩ። «ዛሬም ብርሃኔ ነህ» ልበል? «ነሽ»? ለአያቱ ከሆነማ «ነዎት» ሊሆን ነው! አማርኛ አንዷን ሳትመርጥ አታሳልፍህም፤ በመረጥክ ቅጽበት ደግሞ ከዘፈኑ ግማሹ ይሞታል። እኔ «ነሽ» አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሎሚዋስ? ከደረቱ አልወጣ ያለች መራራ ሽታ ናት። ለኛ ጥምቀት ላይ ሎሚ ሲወረወር ፍቅር ሊጀመር ነው። እሱ ጋ ካለቀ በኋላ የቀረችው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ «ሱኪያኪ» የሚባለው ዘፈን የምግብ ነው እንዴ?

መልስ፦ ስሙ የምግብ ነው፤ ዘፈኑ ግን አይደለም። ሳካሞቶ ክዩ በ1961 ያወጣው ዘፈን ትክክለኛ ርዕሱ «ቀና ብዬ ልሂድ» እንደማለት ነው። እንባው እንዳይወርድ ሽቅብ እያየ ይሄዳል። ፈረንጆቹ ርዕሱ ምላሳቸው ላይ ስላልዞረ በሚያውቁት የሥጋ ምግብ ጠሩት። የኛን ትዝታ ወስዶ «ቀይ ወጥ» ብሎ እንደመሸጥ ነው። ያም ሆኖ በ1963 ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ወጣ። የሚገርመው፣ ገጣሚው ኤይ ሮኩሱኬ የጻፈው ስለ ሴት አልነበረም። በ1960 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የጸጥታ ውል የተቃወመው ሰልፍ ሳይሳካ ሲቀር በተሰማው ሐዘን ነው። የሰማው ሰው ሁሉ ግን የራሱን ፍቅረኛ አስገባበት። ሳካሞቶ በ1985 የ520 ሰው ሕይወት በጠፋበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ የናካሺማ ሚካ «ዩኪ ኖ ሃና» የመለያየት ዘፈን ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። አብረው በረዶ እያዩ ነው። ድምጿ ነው ያሳሳተሽ።

ጥያቄ፦ ከፍቅረኛዬ ጋር ከተለያየን ሁለት ሳምንት ሆነን። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ የትኛውንም። መጀመሪያ ብላ፣ ተኛ፣ ስልኳን አትነካካ። ከወር በኋላ ተመለስና እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ አንተንስ ያስለቀሰህ የትኛው ነው? እንዳትዋሽ!

መልስ፦ ኦታ ሂሮሚ በ1975 የዘፈነችው «ሞመን ኖ ሃንካቺፍ»። «የጥጥ መሐረብ» ማለት ነው። ግጥሙ የማጹሞቶ ታካሺ ነው። ዜማው ደግሞ ፈጠን ያለ፣ ደስ ደስ የሚል ነው፤ ቃሉን ካልሰማህ ታጨበጭባለህ።

አራት ክፍል አለው። በእያንዳንዱ መጀመሪያ እሱ ይናገራል፣ ከዚያ እሷ ትመልሳለች። እሱ በባቡር ወደ ከተማ እየሄደ ነው፤ ስጦታ እፈልግልሻለሁ ይላል። እሷ፣ ምንም አልፈልግም፣ ከተማው ሳይለውጥህ ተመለስ። ግማሽ ዓመት ያልፋል። ፋሽን የሆነ ቀለበት ይልክላታል። አልማዝም ሉልም ያንተን መሳም አያህልም ትለዋለች። በሦስተኛው በሱፍ የተነሳውን ፎቶ ይልካል። እሷ ሣር ላይ የሚጋደመውን ልጅ ትወድ እንደነበር ትነግረውና፣ ብቻ ብርዱ እንዳይመታህ ትላለች። በአራተኛው፣ ይቅር በይኝ፣ አልመለስም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጦታ ትጠይቃለች። እንባዋን የምትጠርግበት የጥጥ መሐረብ።

ያስለቀሰኝ ግን ዘፈኑ ብቻውን አይደለም። እነዚያ «የየት አገር ኤንካ ነው» ያሉኝ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ቀን ካራኦኬ ወሰዱን። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ ከበሮ መሳይ ቃጭል፣ ግድግዳው ላይ ስልክ። ሰዓታችን ሊያልቅ ሲል ይህንን መረጡ። የወንዱን ክፍል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዘፈኑት። የሷ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ ዝም ብለው አነበቡ። በአራቱም ክፍል እንዲያ አደረጉ። መሐረቧ ጋ ሲደርስ የግድግዳው ስልክ ጮኸ፤ 10 ደቂቃ ቀርቷችኋል ሊሉን። ማንም ተነስቶ አላነሳውም።