የጠራ ወንዝ እና ደለሉ የያዘው እርሳስ

ጥያቄ፦ የምንጠጣውን የወንዝ ውኃ በደረቁ ወራት አስመርምረን የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) መጠኑ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው ተባልን። ዝናብ ከጣለ በኋላ ያው ላቦራቶሪ ሲመረምረው ግን ከወሰኑ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከወንዙ ራስጌ ያለው ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋ የማዕድን ማውጫ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ስሕተት ነበር? ውኃውን አፍልቶ መጠጣትስ ይበቃል?

መልስ፦ ሁለቱም ውጤቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እርሳስ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ሟሙቶ አይቆይም፤ ከሸክላ አፈር ብናኝ፣ ከብረት ዝገትና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተጣብቆ ወደ ወለሉ ይዘቅጣል። (የምንጽፍበት እርሳስ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።) በደረቁ ወራት ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ደለሉ አይነካም፣ ላይኛው ውኃም ጠርቶ ይታያል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን ለዓመታት የተከማቸው ደለል ተገልብጦ ከነያዘው እርሳስ ይነሣል። ማውጫው ቢዘጋም የተቆለለው ጥራጊ እዚያው አለ፤ ሰልፋይድ (የድኝና የብረት ውሁድ) ያለበት ድንጋይ አየርና ውኃ ባገኘው ቁጥር አሲድ ያመነጫል፣ አሲዱም በድንጋዩ ውስጥ ያሉትን እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች ያሟሟቸዋል። ከማውጫው ሥር ያሉት ድንጋዮች ብርቱካንማ ዝቃጭ ለብሰው ካያችሁ ይህ ሂደት አለመቆሙን ጠርጥሩ።

ላቦራቶሪውን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ውጤቶችን የሚያጣላው እርሱ ነውና። ናሙናው አሲድ ከመጨመሩ በፊት በ0.45 ማይክሮሜትር ወንፊት ተጣርቶ ነበር ወይስ አልነበረም? የተጣራው የሚያሳየው የሟሟውን እርሳስ ብቻ ሲሆን፣ ያልተጣራው ከብናኙ ጋር የተጣበቀውንም ይጨምራል። ሰው ከወንዝ የቀዳውን ሲጠጣ ብናኙንም አብሮ ስለሚጠጣ፣ እኔ የማምነው ያልተጣራውን ውጤት ነው። ናይትሪክ አሲድ የሚጨመረውም የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ2 በታች እንዲወርድና እርሳሱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ነው፤ ይህ ከተዘለለ መጠኑ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ ለእርሳስ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ለካድሚየም (ለሌላው መርዛማ ብረት) 3 ማይክሮግራም ነው። 10 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም እርሳስ በ100,000 ሊትር ውኃ ውስጥ እንደማለት ነውና ዓይንም ምላስም አይደርስበትም። ከዚህ በታች መሆኑም ለሕፃናት ዋስትና አይሆንም፤ ለእነርሱ ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያስወግድም። እንዲያውም 2 ሊትር ውኃ ፈልቶ 1.5 ሊትር ሲቀር፣ በእያንዳንዱ ሊትር ያለው እርሳስ በሲሶ ይጨምራል። ድፍርሱን አሳድሮ ከላይ መቅዳት ከደለል ጋር ያለውን ይቀንሳል፣ የሟሟውን ግን አይነካም፤ ለእርሱ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት በጣም ረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ወይም ለእርሳስ ተብሎ የተፈተነ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በዚያው ውኃ ማሳ የምታጠጡ ከሆነም አፈሩ ይመርመር፦ በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ከማዕድን ማውጫ የመጣ ካድሚየም ወደ ሩዝ ማሳዎች አድርሶ፣ የገበሬዎቹን ኩላሊትና አጥንት የጎዳው በዚህ መንገድ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ከውኃው ሌላ ወንዙ ረጋ ከሚልበት ጥግ አንድ የደለል ናሙና ጨምሩ፤ ውኃውንም የዝናቡ ወራት የመጀመሪያ ጎርፍ በወረደ ዕለት ቅዱት።