የመሞት ሐሳብ ሲመጣ ለማን ይነገራል? ጥያቄና መልስ

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው እርዳታ ከየት እንደሚያገኝ። ይህን በምታነቡበት ሰዓት ራሳችሁን ልትጎዱ እንደምትችሉ ከተሰማችሁ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ በቅርባችሁ ላለ ሰው «ብቻዬን አትተወኝ» በሉትና አብራችሁ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ማታ ማታ «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ ይመላለስብኛል። ሁለት ጊዜ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሄጄ «ራሴን ያመኛል» ብዬ የራስ ምታት መድኃኒት ተቀብዬ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ መሄድህ ከሐሳቡ ጋር እየታገልክ መሆንህን ይነግረኛል። ያጋጠመህ ነገር እኛ ዘንድ የዘወትር ነው፤ ሰው «ልቤ ደከመ»፣ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፣ ሐኪሙም ደጅ የተሰለፈውን ሕዝብ እያሰበ ስለተነገረው ሕመም ብቻ ይጠይቃል፣ ዋናው ነገር ሳይነሳ ፓራሲታሞል ይታዘዛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ «የመሞት ሐሳብ ይመጣብኛል» በል። አፍህ እምቢ ካለህ በወረቀት ጽፈህ አቀብለው፤ እኔም እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ተቀብዬ አውቃለሁ፣ በአንዱም የሳቀ ባልደረባ አላየሁም። ባለሙያው ሐሳቡ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ ከሐሳብ አልፎ ዕቅድ እንዳለህ፣ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ መጠጥና ጫት ይጠይቅሃል፤ ሳትሸፋፍን መልስለት። ክሊኒኩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፍልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል ሌላ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ በክልል ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። የአማኑኤል ስም በከተማው የቀልድ ማድመቂያ ሆኖ ስለኖረ ብዙ ሰው በሩን ይፈራዋል፤ ተመላላሽ ክፍሉ ግን ከሥራም ከትምህርትም መጥቶ የቀጠሮ ካርዱን ይዞ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ለሐኪም ብናገር ፖሊስ ይጠራብኛል?

መልስ፦ ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ዝም አሰኝቷል፤ መሠረት ግን የለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሳሳውን ወይም የሚረዳውን ነው፤ ሐሳቡ የመጣበትን ሰው አይደለም። ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሕይወትዎ አደጋ ላይ መሆኑን ካመነ ግን ቤተሰብ ሊያሳውቅ ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ከሰው ጋር መብላት ትታለች፣ የምትወዳቸውን ዕቃዎቿንም ለጓደኞቿ ሰጠች። ልጠይቃት ፈራሁ። የሌለ ሐሳብ ባስገባባትስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ሸክም የወረደላቸው ያህል ይተነፍሳሉ። ዕቃ ማደሏ በቸልታ የሚታለፍ ምልክት አይደለምና ዛሬውኑ ይጠይቋት። ቡና ላይ፣ ሰው ፊት አይሁን፤ ብቻዋን ስትሆን ጎኗ ተቀምጠው «ልጄ፣ ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ይበሏት። «አዎ» ካለች «ኧረ በስመ አብ!» ብለው አይጩኹ፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ» አይበሏት፣ ስለ ኃጢአትም በዚያች ሰዓት አያንሱ። «እንኳን ነገርሽኝ» ይበቃል። ከዚያ ብቻዋን አይተዉአት፤ ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ሁሉ ከቤት አውጥተው ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ይዘዋትም ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዕቃ ማራቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ኃይለኛው ስሜት እንደ ማዕበል መጥቶ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የሚረግብ ስለሆነ፣ በመካከሉ የምትገኘው ጊዜ ሕይወት ታተርፋለች።

ጥያቄ፦ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ያለች እኅቴ «ከእንግዲህ ድምፄን አትሰሙም» የሚል መልእክት ልካልኛለች። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁኑኑ ደውልላት፤ ከላይ እንደጻፍኩት በግልጽ ጠይቃት፤ መስመሩንም አትዝጋ። በሌላ ስልክ እዚያው ያለ የምታምኑትን ሀገር ልጅ ወይም አብራት የምትጸልይ ጓደኛዋን አግኝና ወደ እሷ እንዲሄዱ አድርግ። ሊባኖስ ውስጥ 1564 ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ብሔራዊ የስልክ መስመር ነው፤ አማርኛ እንደሚናገሩ አትጠብቅ፣ ዓረብኛዋ ግን ሊበቃት ይችላል። ችግሩ ድብደባ ወይም የደመወዝ ክልከላ ከሆነ ነፍሷ ከተረጋጋች በኋላ ቆንስላው ይከተል። «ቤተሰቡን አስቢ፣ ለብሩ ስትዪ ታገሺ» የሚለውን ምክር ግን ባትሰጣት እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጸበል እንጂ ኪኒን አያስፈልግም ይለኛል።

መልስ፦ አባትህን አትጋፋቸው፣ ኪኒኑንም አትተው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታውሳቸው። በሽታው ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። የንስሐ አባትህን ብታማክራቸው አባትህን ከእኔ የተሻለ ያስረዱልሃል።

ጥያቄ፦ ለድባቴ መድኃኒት ከጀመርኩ ስምንት ቀኔ ነው። ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ገና ነው። ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ዕድሜዎ ከ25 በታች ከሆነ፣ የመሞት ሐሳቡ ቢብስ ወይም መቁነጥነጥ ቢመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ተመልሰው ይሂዱ። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ 988 ይደውሉ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተቋቋመ የአሜሪካ የስልክ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ» የሚለውን አንድ ቃል ይበሉና ይጠብቁ፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። የጽሑፍ መልእክቱ በአማርኛ ስለማይሠራ በድምፅ ይሁን። ብሪታንያ ያላችሁ 116 123፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 ደውሉ።

ጥያቄ፦ የቅድሙ ተማሪ ነኝ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ እሄዳለሁ። ዛሬ ማታስ?

መልስ፦ ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር፤ መጠጥም ጫትም አይኑር። ወረቀት አውጣና ሐሳቡ ከመበርታቱ በፊት ምን እንደሚሰማህ፣ ከዚያ የሚያረጋጋህን ነገር፣ ከዚያ በእኩለ ሌሊት ብትደውል የማይቆጡህን የሁለት ሰዎች ስልክ ጻፍ፤ ከሥሩ 907ን ጨምር። ወረቀቱን ለዶርም ጓደኛህ አሳየውና ነገ አብሮህ እንዲሄድ ለምነው። ነግረኸው ስትጨርስ «ነገርኩት» ብለህ ጻፍልኝ፤ እስከዚያ ከዚህ አልነሳም።